ከወተቱ በታች ያለው መደርደሪያ

በዚያን ዕለት ጠዋት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከወተቱ በታች ያለው መደርደሪያ ለልጅቷ ለቁንጫ ሽንት ተለቀቀ። ቲማቲሙ ወደ ላይ ተሰደደ፤ ጎመኑ ወደ ጎን ተገፋ፤ የአክስት የዓይን ጠብታ በሩ ኪስ ውስጥ ከእንቁላሎቹ ጋር ተዳበለ። በተለቀቀው ቦታ ላይ ከሆስፒታል የተሰጠው ነጭ ጀሪካን ገና ምንም ሳይገባበት እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ተቀመጠ። ክዳኑ ቀይ ነው፤ ጎኑ ላይ ከታች እስከ አንገቱ የሊትር መስመሮች ተሰምረውበታል፤ የውስጡም ነገር ከውጭ ይታያል። አክስት፣ የአባት ታላቅ እህት፣ ክንዶቿን አጣጥፋ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ስታይ፣ የማታውቀው እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሲገባባት የምትመለከት ባለቤት ትመስል ነበር።

"ወተት ሻጮች ነን እኮ" አለች በመጨረሻ። "ጎረቤት ይህን ቢሰማ ነገ ወተታችንን የሚገዛን ድመት እንኳ አናገኝም።"

"እትዬ፣ ክዳን አለው" አለች እናት የሥራ ልብሷን እየቆለፈች።

"ዕቃውማ አለው። ክዳን ያጣሁት ለዚህ ቤት አፍ ነው" አለችና አክስት ዓይኗን አጎት ላይ ወረወረች።

አጎት የእናት ታናሽ ወንድም ነው። ታክሲ ይነዳል፤ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ አፉ ግን ቀኑን ሙሉ ዋናው ቤት ነው የሚውለው። ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። አስር ዓመት ሞልቷት ሳለ ያያት ሁሉ ስድስት ስለሚሰጣት፣ "ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ ከነከሰች በኋላ ፈልገህ አታገኛትም" ብሎ ሰየማት፤ ስሙም እንደ ልክ ጫማ ገባላት። ሕመሟንም ለቤተሰቡ የተረጎመው እሱ ነው። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለች አስረድታ ስትጨርስ እናትና አባት አንገታቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው ምንም ሳይገባቸው ወጡ። አጎት ግን ገና መኪና ውስጥ ሳሉ መሪውን ይዞ አብራራው፦ "ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው መንገድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። የሰው ሁሉ መንገድ መጨረሻው ላይ ትራፊክ ቆሞበታል፤ የኛ ቁንጫ ትራፊክ ሳይቆምላት ነው የተወለደችው። ሽንቱ ፊኛ ከደረሰ በኋላ ዞሮ ሽቅብ ይነዳል። እንዲህ እየነዳ ስንት ዓመት ሙሉ ኩላሊቷን ሲገጭ ኖረ።" "እኛም ጥርስ ነው፣ ብርድ ነው ስንለው የኖርነው ትኩሳት ግጭቱ ነበር" አለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አልቀለደም።

ግጭቱ የግራ ኩላሊቷን እንደ ደረቀ ባቄላ አጨማዶታል፤ የቀኙም ጠባሳ አለበት። አሁን ዶክተሯ ማወቅ የፈለገችው የተረፈው ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ለዚህም ቁንጫ ከዛሬ ጠዋት እስከ ነገ ጠዋት የምትሸናውን ሁሉ፣ አንዲት ጠብታ መሬት ሳይወድቅ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ማጠራቀም አለባት። ከዚያ የሚወጣው ቁጥር ነው የሚፈርደው። ምን እንደሚፈርድ ለቁንጫ የነገራት ሰው የለም፤ ግን ትናንት ዕቃ ሲታጠብ እናቷ ለአክስቷ በሹክሹክታ "ቁጥሩ ከወረደ ወደ ማሽን ነው ብላለች" ስትል ሰምታለች። ደም የሚያጥበውን ማሽን ታውቀዋለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በር ገርበብ ብሎ አይታዋለች፤ አንድ ልጅ ክንዱ በቱቦ ተይዞ ቴሌቪዥን ያያል። ያስፈራት ቱቦው አልነበረም። ልጁ ካርቱን እያየ አይስቅም ነበር።

ሕጉን ያነበበችው እናት ናት። የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፤ መሰብሰብ የሚጀመረው ከሁለተኛው ነው። አባት ይህን ሲሰማ ደነገጠ። "የማለዳውን ድፉት? የማለዳው እኮ ነው ወፍራሙ!" አለ፤ ወተት የሚሸጥ ሰው ሁሉን ነገር በወተት ነው የሚያየው። ቢሆንም ተደፋ። ሁለተኛው ሕግ የቆየ ነው፦ ቁንጫ ሸንታ ከጨረሰች በኋላ አትነሳም፤ ሽቅብ የሸሸው ተመልሶ እስኪወርድ ትንሽ ዘፍና እንደገና ትሸናለች። እናት በሩን ተደግፋ "ቀሪውስ?" ትላለች፣ ልክ እንደ አራጣ አበዳሪ። ትምህርት ቤት ግን ቀሪውን የሚጠብቅላት የለም፤ መምህሯ ለመጀመሪያውም ቢሆን የሚፈቅዱላት እያቃሰቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤት ትውላለች። ጀሪካኑን በቦርሳዋ ይዛ ትሂድ የሚለው የአጎት ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ወደቀ።

እናት የሆቴል አንሶላ ወደምትተኩስበት ልብስ ማጠቢያ ሄደች፤ አጎትም ታክሲውን አስነሳ። ቁንጫ አባቷ ሱቅ ገብታ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሱቁ ከቤቱ ፊት ለፊት የተቀጠለ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ በነጭ ንጣፍ የተለበጠ፣ ከሱቁ ወደ ቤቱ የሚያስገባው በር በመጋረጃ የተከለለ። አባት ወተት ሲረከብ የማይጥሳት አንዲት ደንብ አለችው። አቅራቢው ፊት ረጅም ብልቃጥ በወተት ይሞላና፣ ቁጥር የተጻፈባትን የብርጭቆ ዘንግ ይለቅባታል። ዘንጓ ከፍ ብላ ከተንሳፈፈች ወተቱ ወተት ነው፤ ከሰመጠች ውሃ ገብቶበታል። በዚህች ዘንግ ምክንያት ስንት አቅራቢ ተቀይሞታል። ለገዢ ሲሸጥ ደግሞ ሊትሩን ጢም አድርጎ ይሞላና አንድ ትንሽ ጭልፋ ይደግምበታል፤ ያቺ ምራቂ ናት። ሳሩ ሲደርቅ ወተቱ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ገዢው ዕቃውን ወደ ብርሃን አንስቶ "ዛሬ ቀጠነሳ?" ይላል። አባትም ዓይኑን ሳያርገበግብ "ቀጭን ነው። ግን ያልተቀላቀለ ነው" ይላል። ሌላ ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም።

ረፋዱ ላይ የማዕዘኗ ልብስ ሰፊ መጣች። ክር ተወደደ፣ ቁልፍ ተወደደ፣ ሰው ቂጡ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጥቶ በልመና አስተካክይልኝ ይላል ስትል ቆየችና ዓይኗ ቁንጫ ላይ አረፈ። አንድ እጇን ከራሷ ወደ ወለሉ እንደ መለኪያ ዝቅ አድርጋ፣ "ውይ፣ ይቺ ልጅ ዘንድሮም አላደገችም?" አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሰው ስታይ ልኩን ነው የምታየው። ቁንጫ "ጨርቅ ላለማብዛት ነው" ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ሳቀች። አባት አልሳቀም። ሊትሩን ሞላ፣ ሰጣት፣ ሄደች። ምራቂዋን ረስቷት ነበር። ቁንጫ ዕድሜ ልኳን አባቷ ምራቂ ሲረሳ አይታ አታውቅም።

ጥቂት ቆይቶ አባት መጋረጃውን ገልጦ ወደ ቤት ገባ። ከመደርደሪያው ያቺን ረጅም ብልቃጥና ዘንጓን ይዞ ነው የገባው። ወተት የሚረከብበት ሰዓት ደግሞ አይደለም። ቁንጫ ከባንኮኒው ተንሸራታ ወረደችና መጋረጃውን በአንድ ዓይኗ ልክ ከፈተችው። አባት ማቀዝቀዣው ፊት ቆሟል። ጀሪካኑን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው፣ ገዢዎቹ እንደሚያደርጉት። እሷም የሚያየውን አየች፦ ሽንቷ ቀለም አልባ ነው፤ ውሃ ነው ብለው ቢምሉበት ያስኬዳል። አባት ቀስ ብሎ ከጀሪካኑ ወደ ብልቃጡ ቀዳና ዘንጓን ለቀቃት። ዘንጓ ሰመጠች። አንዴ አውጥቶ አራግፎ እንደገና ለቀቃት። እንደገና ሰመጠች። በዚህን ጊዜ ፊቱ ላይ የታየው ነገር ውሃ የቀላቀለ አቅራቢ ሲይዝ የሚታየው ቁጣ አልነበረም። እሱ ራሱ የተያዘ አቅራቢ ነበር የሚመስለው።

በብልቃጡ ያለውን ወደ ጀሪካኑ መለሰ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ሽንት ቤት ገባና ቆለፈ። ሲወጣ ጀሪካኑ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር ገብቶ ነበር። ወደ ቦታው መለሰው። እጆቹን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ዘንጓን አጠባት፣ አሸተታት፣ እንደገና አጠባት፣ ትንሽ አሰበና በጋዜጣ ጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አስገባት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ "ከእጄ አምልጣ ተሰበረች" ይል ነበር። ብልቃጧም አብራ ነበር የተሰበረችው፣ ማንም ባይጠይቀውም።

ቁንጫ ባንኮኒው ላይ ቦታዋን ይዛ ሲመለስ ጠበቀችው። ወተት ላይ ውሃ የሚጨምሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለውን መቀላቀል ግን ማንም አልነገራትም። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ቀጥሎ ተናደደች፤ የራሷ ያልበቃ፣ እሷ ራሷ እንደ ቀጠነች ተደርጋ የተቆጠረች መሰላት። ከዚያ ካርቱን እያየ የማይስቀው ልጅ ትዝ አላት። አባቷ ልክ ያውቃል፤ ጎድሏል ካለ ጎድሏል ማለት ነው፤ ሞላ ካለ ደግሞ ማሽን የለም። ሆድ ይፍጀው አለች።

ለምሳ አጎት መጣ። ቁንጫ ለብቻዋ የተቀቀለላትን ጨው አልባ ድንች ሳህኑ ላይ እያሽከረከረች ነበር፤ ሹካዋ ወድቆባት ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ እዚያ ቀዝቀዝ ስላላት ትንሽ ተቀመጠች። አጎት ማንም የለም ብሎ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤ የፈለገው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ጀሪካኑን ሲያይ ጎንበስ አለ። "ይቺ ናት በቃ?" አለው ለመስመሩ። ራሱን አከከ። ታክሲ ነጂ ማለት ከንጋት ጀምሮ መቆሚያ ያጣ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ አጎት ያን ጊዜ በእጁ ላይ፣ ማለትም በፊኛው ላይ፣ ከበቂ በላይ ሀብት ነበረው። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ እያፏጨ ሄደ፤ እያፏጨም ተመለሰ። ፉጨቱ መሃል ላይ ረጅም፣ በጣም ረጅም ነበር። በጠረጴዛው ልብስ ጠርዝ ሥር ቁንጫ ያየችው መስመር በአንድ ጊዜ ሊትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ዕድገት አሳይቷል። ዘንድሮ በዚህ ቤት እንዲህ ያደገ ሌላ ነገር የለም።

አክስት ግን አክስት ናት። ቁንጫ ከእሷ ምንም አልጠበቀችም። አክስት ሽንት የሚለውን ቃል በአፏ አትጠራም፤ "ያ ነገር" ነው የምትለው። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣች፣ ስኳሩን ማንኪያው እስኪቆም ጨምራበት፤ ቀጥላ ውሃ ጠጣች፤ ቀጥላ እንደገና ውሃ። ሰሞኑን ውሃ አይበቃትም፤ ሽንት ቤትም ትመላለሳለች፤ ስትጠየቅ "ዕድሜ ነው" ትላለች፣ ዕድሜ የሚጠማ ይመስል። ቁንጫ ሰዓቷ ደርሶ ጀሪካኑን ልታወጣ ማቀዝቀዣውን ብትከፍት መደርደሪያው ባዶ ነው። ሽንት ቤቱ ጋ ስትሮጥ ተቆልፏል። በሩ ላይ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሳለ በሩ ተከፈተና አክስት ወጣች፤ ነጠላዋ ሥር አንድ ማዕዘን ያለው ነገር ወጣ ብሎ ይታያል፤ ከነጠላዋም ጠርዝ ቀይ ክዳን አጮልቋል።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አለች አክስት።

"እቴቴ፣ ተራዬን እየጠበቅሁ።"

አክስት ጀሪካኑን በፕላስቲክ ከረጢት በተጠቀለለች እጇ አውጥታ ሰጠቻት። "ዘንበል ብሎ አይቼው ላስተካክለው ነው" አለች፤ ቀጥሎ ከኪሷ ከረሜላ አወጣችና ቁንጫ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። አክስት ከረሜላ ሰጥታ አታውቅም፤ ጥርስ ያበሰብሳል ባይ ናት። ቁንጫ ከረሜላውን ጉንጯ ውስጥ አድርጋ ገባች፤ የራሷን ድርሻ ጨመረች፤ ዘፈነች፤ ቀሪውንም ጨመረች። በዚያ ሁሉ መካከል የእሷ ድርሻ ዛሬ እንደ ምራቂ ነበረች።

ማታ እናት እንፋሎት እንፋሎት እየሸተተች ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ጀሪካኑን በሁለት እጇ አወጣችው። ነገሩ እስከ አንገቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ቀለሙም የሻይ ቀለም ይዟል። "ይኸው!" አለች። "ይኸው፣ ይሠራል! የልጄ ኩላሊት ይሠራል!" ቁንጫን ከነጀሪካኑ አቀፈቻት። እናት ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ስትስቅ የላይኛው ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ ትንሽ መደረቡን ቁንጫ ረስታው ነበር። ራት ላይ አባት ጀሪካኑን እያየ ግንባሩን ቋጠረ፤ ትንሽ ነበር እኮ የጨመርኩት የሚል ፊት ነው። አጎት ጀሪካኑን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። አክስት ሳህኗን ብቻ አየች። ሦስቱም ደስታው እውነት እንዲሆን ከልባቸው የሚጸልዩ፣ ግን አሚን ለማለት የፈሩ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ቁንጫ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ጥርስ አየች፤ አፏን ዘጋች።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ሁሉም ሄዱ። ሄዱ ብቻ ሳይሆን ማንም አልቀርም አለ። አባት ሱቁን ዘጋ፤ አክስት የለቅሶ ጫማዋን አደረገች፤ አጎት ሒሳብ የሚከፍል ተሳፋሪ ትቶ እነሱን ጫነ። የላቦራቶሪዋ ሴት ጀሪካኑን በአንድ እጇ ልታነሳ ሞክራ በሁለተኛው ደገፈችው። ቁንጫን ቁልቁል አየቻት።

"ይህን ሁሉ ይቺ ናት?"

"ውሃ ትጠጣለች" አለች አክስት ሳትጠየቅ።

"በጣም ትጠጣለች" አለ አባት።

"እንደ ግመል ነው" አለ አጎት።

እናት ሦስቱን በየተራ አየቻቸው። የቁንጫም ደም ተወሰደ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ጠበቁ፤ ከቆይታ በኋላ ዶክተሯ ጠራቻቸው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አባትና አጎት ከሚዛኑ አጠገብ ቆሙ። ዶክተሯ የውጤቱን ወረቀት አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ አነበበችው።

"እንግዲህ" አለች። "በዚህ መሠረት ልጃችሁ ኩንታል የምትሸከም ጎልማሳ ናት። ጢም ሳይኖራትም አይቀርም።" ማንም አልሳቀም። ዶክተሯም ፈገግታዋን ሰበሰበች። "ያሳሰበኝ ግን እሱ አይደለም። ሽንቱ ውስጥ ስኳር አለ፤ ብዙ ስኳር። ከዚህ በፊት አልነበረባትም። ደሟን ደግመን ማየት አለብን፤ የስኳር ሕመም ከሆነ በየቀኑ መርፌ ነው።"

እናት ወንበሩ ላይ እንዳለች አነሰች። "በኩላሊቱ ላይ ስኳር?" አለች። "በዚያ ላይ ስኳር ተጨመረ?" ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፤ ምን እንደምትፈልግበት አታውቅም ነበር። የላይኛው ጥርሷ ከንፈሯ ሥር ጠፋ።

ቁንጫ ወደ አክስቷ ዞረች። አክስት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኩላሊት ሥዕል ታጠናለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ዝም ብትል ቁጥሩ እንደ ጎልማሳ ሰው ይሆናል፤ ማሽኑ ይቀራል፤ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ግን እናቷ ቦርሳውን መክፈትና መዝጋቷን አላቆመችም።

"ዶክተር" አለች ቁንጫ፣ "ስኳሩ የእቴቴ ነው።"

አጎት አንድ ጊዜ አስሎ ሳሉን መሃል ላይ አቆመው።

"ልጅ ናት…" አለች አክስት ከሥዕሉ ሳትዞር። ከዚያ ዞረች። "ቀለም አልነበረውማ! ሲያዩት ይህችን ልጅ ውሃ እያጠጡ ነው የሚያሳድጓት ይሉናል ብዬ ነው። ትንሽ ናት የጨመርኩት። ለቀለም ያህል።"

"ከእኔም ትንሽ አለበት" አለ አባት ለወለሉ።

"ከእኔ እንኳ ትንሽ አይደለም" አለ አጎት። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

ዶክተሯ ወረቀቱን አስቀመጠችና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናት ባሏን አየች። ወንድሟን አየች። አክስትን አየች፣ ከእግር እስከ ራሷ።

"ከዚህ ቤት ሰው ያልሸናሁበት እኔ ብቻ ነኝ?" አለች።

ሳቁን የጀመረው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እናት ግን ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ገብቶ ተመልሶ ወጣ። ዶክተሯ ዓይኗን ጠርጋ የአክስትን ጣት ወጋች፤ ጠብታዋን መሣሪያው ላይ አድርጋ ቁጥሩን ስታይ ቅንድቧ ተነሳ። "እናቴ፣ መርፌው የእርስዎ ነው። መርፌ እንኳ ባይሆን ኪኒን አይቀርልዎትም። ይህ ጀሪካን ባይኖር፣ እንደ ሌላው ሁሉ እስከ መቼ 'ዕድሜ ነው' ይሉ ነበር?" አጎት ወደ አክስት ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ጣፋጭ ነሽ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም" አለ፤ በቦርሳ ተመታ።

ከዚያ ዶክተሯ በሩን ዘጋችና ቀልዱን አቆመች። ብዙ ውሃ መውጣቱ የጤና ምልክት አይደለም አለች፤ መንጣቱም የአሳዳጊ ጥፋት አይደለም። ጠባሳ ያለበት ኩላሊት ውሃውን ይለቅና ቆሻሻውን ደም ውስጥ ይተወዋል፤ ሽንቷ ቀለም የሌለው ለዚህ ነው። አባት ይህን ሲሰማ ዘንጓ ስትሰምጥ የነበረውን ፊት እንደገና አመጣው። "እኔ የምፈልገው የሞላ ዕቃ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "ከአራት ሰው ቅልቅል የአንዲት ልጅ ኩላሊት አይነበብም። የእሷን ብቻ፣ ምንም ያህል ቢሆን።"

"ቁጥሩ ከወረደስ?" አለች ቁንጫ። "ማሽን ነው?"

እናት ደነገጠች፤ ይህን ቃል ለልጇ የነገራት ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አለች። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ቁንጫ አዞረች። "አንድ ቀን ሊሆን ይችላል" አለቻት። "ዛሬ ነው አላልኩም፤ የት እንዳለን ለማወቅ ነው እውነተኛውን የምፈልገው። ማሽኑም ቢሆን መቆያ ነው። ያን ጊዜ ከቤተሰብ አንድ ኩላሊት የሚሰጥሽ ጤነኛ ሰው ከተገኘ…" ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ወደ ትልልቆቹ አየች።

አጎት ቁልፎቹን እጁ ውስጥ አፍኖ ያዛቸው። አክስት ጥጥ የያዘውን ጣቷን አየች፤ የእሷ እንደማይሆን ገብቷታል። ትናንት በየተራ፣ በድብቅ፣ ሳይለመኑ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን የተጠየቀው በሽንት ቤት በር ተሸሽጎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። አባት እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ባንኮኒው ላይ ቆሞ እንደሚያደርገው።

"ዶክተር፣ ሰው ሁለት ነው ያለው፣ አይደል?"

"አዎ። ጤነኛ ሰው በአንዱ ይኖራል።"

"እንግዲያው" አለ አባት፣ "አንዱ ምራቂ ነዋ።"

ሁለተኛው ጀሪካን ማቀዝቀዣ ሲገባ አክስት ወንበር አምጥታ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ስኳር የሌለው ሻይዋን ፊቷን እየቋጠረች እየጠጣች ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሳችም፤ አጎት ውሃ ሲፈልግ ከቧንቧ ጠጣ። አባት ገባ ወጣ እያለ ያያል፤ አይነካም። የመስመሩ ዕድገት ዘገምተኛ ነበር፣ እንደ ቁንጫ ቁመት። ቁንጫ ግን ጠረጴዛ ሥር መደበቅ አላስፈለጋትም፤ ዘፈነች፣ ቀሪውንም ጨመረች። በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኑን ራሷ ተሸከመች፤ ግማሹ ባዶ ስለሆነ አልከበዳትም። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ለመድረስ ተንጠራርታ አስቀመጠችው። ቁጥሩ የሚወጣው ከዚህ ነው፤ ከዚህ ውጪ ምንም የላትም። የላቦራቶሪዋ ሴት ጀሪካኑን በአንድ እጇ አንስታ ወደ መብራቱ ያዘችው፤ ከኋላው የራሷ ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ቀጠነሳ?" አለች እየሳቀች።

ከኋላ አባት አንድ ነገር ሊል ጉሮሮውን ጠረገ። ቁንጫ አልጠበቀችውም። በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ክርኖቿን መስኮቱ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣

"ቀጭን ነው" አለች። "ግን ያልተቀላቀለ ነው።"